አልወጣ ያለው ትራንስሚሽን

ልጆቼ ጭሮ ይሏታል፤ አባቴ ግን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት። ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ ስንጓዝ ከተማዋን አልፈን የሂርናን መንገድ እንደያዝን፣ ዳገት መሃል ላይ የፒክአፓችን ሞተር ሞቀና ጠፋ። የውኃ ፓምፑ ነበር የለቀቀው።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመልንና ገመድ አወጣ። እንደ ልማዱ ፎሌ አድርገን እስከ ጭሮ ሊጎትተን ነው። አመስግኜ ከለከልኩት፤ የእኛ መኪና አውቶማቲክ ናት፣ የምትነዳውም በኋላ ጎማ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑም ይቆማል። መኪናዋ ስትጎተት ግን የኋላ ጎማዎቹ የካምቢዮውን ውስጥ ማዞራቸውን አይተዉም፤ ዘይት ሳያገኝ የዞረ ደግሞ ይቃጠላል። መፍትሔው ሎቤድ ላይ መጫን፣ ወይም የኋላ ጎማዎቹን አንጠልጥሎ መውሰድ፣ ወይም ትራንስሚሽኑን መፍታት ነው። እዚያ ዳገት ላይ የቀረልን ሦስተኛው ብቻ ነበር።

ትራንስሚሽን ያልኩት ሹፌሮች በሚሉት ትርጉም ነው፤ ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላውን ዲፈረንሻል የሚያዞረው ረጅም ዘንግ። (የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፎሌ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሪክ፣ ብሎን።)

መካኒክ በባጃጅ ከጭሮ መጣ። እኔ ማርሹን ፒ ላይ አድርጌ ስለነበር መኪናዋ የትም አትሄድም ብዬ ተዝናንቻለሁ። ልጆቹ ፀሐዩን ሸሽተው ውስጥ ተቀምጠዋል። አባቴ ግን በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አምጥተው ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረጉ። ልጆቹንም አስወርደው ከመኪናዋ ፊት ለፊት፣ ዳገቱን ወጣ ብሎ ካለ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ መኪናዋ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሄደችና ድንጋዩ ላይ ቆመች። ሰውየው ከሥሯ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፒ ጎማውን አይዝም፤ የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዘንግ ነው። ጎማው የሚታገደው ከዚያ ዘንግ ጋር በትራንስሚሽኑ ስለተያያዘ ብቻ ነው። ትራንስሚሽኑ ከተፈታ ፒም ኤንም ያው ናቸው። የእጅ ፍሬን በቀጥታ ኋላ ጎማ ላይ ስለሚሠራ ያግዛል፤ የእኔ ግን ከላላ ቆይቷል። ልጆቹ ውስጥ እንዳሉ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ሐሳብ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው ዘንጉ እምቢ ያለው። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ መኪኖች የፊት ጫፉ ብሎን የለውም፤ ውስጡ ጥርስ ያለው እጅጌ ሆኖ ካምቢዮው ጭራ ውስጥ ይሰካል፣ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥርም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የኋላው ከተፈታ በእጅ ተስቦ ይወጣል። የእኛ ነቅነቅም አላለ። መካኒኩ ረጅም ብረት ካምቢዮው ጭራ ላይ አስደግፎ ሊፈነቅል ሲል አባቴ እጁን ያዙት። ያ ጭራ አሉሚኒየም ነው፤ ከተሰነጠቀ ወጪው ከባድ ነው። በእሳት ማሞቅም አይሆንም፤ ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት ይበላሻል፣ ዘይቱም ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ማርሹን ኤን ላይ አድርገን፣ ዘንጉን ሩብ ዙር እያዞርን ወደ ውስጥ ገፋን፣ ሳብን። እንጨት ጣልቃ እያስገባን ከግራም ከቀኝም ወደ ኋላ መታን። አንድ ሰዓት ሙሉ።

በመጨረሻ መካኒኩ ላቡን ጠርጎ ሳቀ። ለመጎተት እኮ የግድ እጅጌው መውጣት የለበትም። ክሮቸራውን፣ ማለትም ዘንጉን ከእጅጌው ጋር የሚያጋጥመውን መስቀል፣ ፈታና ዘንጉን ብቻ አወጣው። ግትሩ እጅጌ እዚያው ተሰክቶ ቀረ፤ ቀዩ የካምቢዮ ዘይትም ጠብ አላለም። እጅጌው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዳገት ላይ ጭራው ዝቅ ስላለ ቀዳዳውን በላስቲክ ማሰር ነበረብን። እጅጌውን በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ተረጋግተው አወጡት፤ ከጥርሶቹ አንዱ ተጣሞ ነበር።

አይሱዙው እስከዚያ ጠብቆን ነበር፤ እግዜር ይስጠው። ሞተሯ የጠፋ መኪና ፍሬኗ ይደነድናል፣ መሪዋም ይከብዳል፤ ስለዚህ ልጆቹን ከአያታቸው ጋር ጋቢና አስገባኋቸው፣ የምትጎተተውን ብቻዬን ያዝኩ። ገመዱ ሊወጠር ሲል አባቴ አስቆሙን። ልጆቹን ይዘው ወረዱና ሁለቱን ድንጋዮች እያንከባለሉ ከአስፋልቱ አወጧቸው።