ዕድሜው የተቆረጠለት መሥሪያ ቤት

አንድ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም አዋጅ ይወጣለታል፣ ኃላፊ ይሾምለታል፣ በጀት ይመደብለታል። የተቋቋመለት ጉዳይ ሲያበቃ ግን አብሮ የሚዘጋው ከስንት አንዱ ነው። ሥራው ቆሞም የኃላፊው ደመወዝ፣ የቢሮው ኪራይና የመኪናው ነዳጅ በየዓመቱ በጀት ይያዝላቸዋል። ኦዲተር ገብቶ ደረሰኙን ቢያገላብጥ ሁሉም በደንቡ መሠረት የተከፈለ ሊሆን ይችላል። «ለመሆኑ ይህ ቢሮ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን በደረሰኝ አይመለስም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ይህን ጥያቄ በየጊዜው እንዲያነሳ በሕግ የታዘዘ ተቋም አለ። ስሙ የሰንሴት፣ ማለትም የጀንበር መጥለቂያ፣ አማካሪ ኮሚሽን ነው።

ኮሚሽኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ቀዳሚዋ ኮሎራዶ ስትሆን፣ ያወጣችውም በ1976 ነበር። የቴክሳሱ ኮሚሽን 12 አባላት አሉት፤ አምስቱ ከሴኔት፣ አምስቱ ከተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጡ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ የምክር ቤት አባል ያልሆኑ የሕዝብ ወኪሎች ናቸው።

የሕጉ ጉልበት ያለው የማስረዳቱን ሸክም በማዞሩ ላይ ነው። በሌላ ቦታ መሥሪያ ቤትን ለመዝጋት አዲስ ሕግ ማውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ተገምጋሚ መሥሪያ ቤት በማቋቋሚያ ሕጉ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ዓመት በኋላ። ቀኑ ሲደርስ የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ዕድሜውን በሕግ ካላራዘመለት ይፈርሳል። ንብረቱን አስረክቦ ሥራውን ለመዝጋትም አንድ ዓመት ይሰጠዋል።

ግምገማው የሚጀምረው ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ለምን እንደተቋቋመ፣ ስንት ሠራተኛ እንዳለው፣ ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ፣ ሥራው ከሌላ ቢሮ ጋር ይደራረብ እንደሆነና ሥራው ቢቆም ማን እንደሚጎዳ በዝርዝር ጽፎ ያቀርባል። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች የተጻፈውን ያጣራሉ፤ ባለጉዳዮችንም ያነጋግራሉ። ሪፖርቱ ይፋ ከሆነ በኋላ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል። ማንኛውም ሰው ስሙን አስመዝግቦ የኃላፊዎቹን ቃል በሰሙት አባላት ፊት የራሱን ቃል መስጠት ይችላል፤ ጠበቃ ማቆም አይጠበቅበትም። ከዚያ ኮሚሽኑ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያስተላልፋል።

በ1979 በመጀመሪያው ዙር ከተዘጉት መካከል ሮዝ የጥጥ ትልን ለመከላከል የተቋቋመ ኮሚሽንና የሳንባ ነቀርሳ ነርሶችን የሚፈትን ቦርድ ይገኙበታል። ሁለቱም ሲቋቋሙ ምክንያት ነበራቸው፤ ዘመኑ ግን አልፏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ80 በላይ መሥሪያ ቤቶች ፈርሰዋል ወይም ከሌላ ጋር ተዋህደዋል።

ሕጉ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ2019 ምክር ቤቱ የቧንቧ ሠራተኞችን ፈቃድ የሚሰጠውን ቦርድ ወደ ሌላ ቢሮ ለማዛወር ተከራክሮ፣ ሳይስማማ ጉባኤው ተዘጋ። በሥራ ላይ ያለ፣ የሚፈለግ ቦርድ ሊፈርስ ሆነ። ገዥው ግሬግ አቦት ከሃርቪ አውሎ ነፋስ ጋር በተያያዘው የአደጋ ጊዜ ሥልጣናቸው ተጠቅመው ቦርዱን እስከ 2021 አቆዩት፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ዕድሜውን አራዘመለት። ሌላም ክፍተት አለ፤ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች ቢገመገሙም በዚህ መንገድ አይፈርሱም።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በዳላስና በሂውስተን የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ፀጉር ሠሪዎች የሥራ ፈቃዳቸውን የሚያገኙት በዚህ ግምገማ ከሚያልፉ መሥሪያ ቤቶች ነው። ፈቃድ ለማደስ የሚከፍሉት ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አላቸው። በቴክሳስ የምትኖሩ ወገኖች፣ ፈቃድ የሰጣችሁ ቢሮ ተራው የሚደርስበትን ዓመት እወቁ፤ ስብሰባው ሲጠራም ቃላችሁን ስጡ። ሥራ ፈት ቢሮ በሕዝብ ገንዘብ የሚኖረው ጠያቂ እስኪመጣበት ድረስ ብቻ ነው።