ስለ ብራና ሥዕሎች ኅትመትና ስለ ማተሚያ መሣሪያ የቀለም ፕሮፋይል ስሕተት

በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ከሌላው ቃል ይለያል፤ የምዕራፍንም መነሻ ያመለክታል። የሥዕሉም ቀለም ተመራማሪው ስለ ሠዓሊው ልማድ ከሚጠይቃቸው ምስክሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፉ ሲታተም ቀዩ ወደ ቡናማ፣ ሰማያዊውም ወደ ሐምራዊ ቢለወጥ፣ መጽሐፉን ሳያይ በኅትመቱ ብቻ የሚፈርድ ሊቅ ይሳሳታል። ይህ ጥፋት ከወዴት እንደሚመጣና እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ ከዚህ በታች በአጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድሞ ፕሮፋይል ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ቍጥር ለማተሚያው ትእዛዝ ነው እንጂ ራሱ ቀለም አይደለም፤ ያው ቍጥር በሁለት ማተሚያዎች ሁለት ዓይነት ቀለም ያወጣል። ፕሮፋይል ማለት እንግዲህ የመሣሪያውን ቍጥር የሰው ዓይን ከሚያየው ቀለም ጋራ የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ነው። የዓይኑ ልኬት መሠረት ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥርዐት ነው፤ የፕሮፋይሉ አጻጻፍ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሶርሲየም በደነገገው ይመራል። ሰንጠረዡ የሚገኘው ብዙ የቀለም ካሬዎችን የያዘ ገጽ አትሞ እያንዳንዱን በስፔክትሮፎቶሜትር በመለካት ስለ ሆነ፣ የሚያገለግለው ለአንድ ማተሚያ፣ ለአንድ ዓይነት ቀለምና ለአንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው።

ጥፋት ሲታይ ምርመራው በተራ ይሁን።

1ኛ፤ ማተሚያው ራሱ ይመርመር። ቀለም ከሚረጩት ቀዳዳዎች አንዳንዱ ተደፍኖ ከሆነ ልኬቱ የታመመ መሣሪያን ይገልጣል። የመለኪያውም ገጽ በሚገባ ሳይደርቅ አይለካ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይለወጣልና።

2ኛ፤ የመለኪያው ገጽ ያለ አንዳች የቀለም ማስተካከያ መታተም አለበት። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ፎቶሾፕ ሲ ኤስ 5 ይህን ምርጫ ስላስቀረ፣ አዶቢ ለዚሁ ተግባር ብቻ የሚያገለግል አነስተኛ ፕሮግራም አቅርቧል።

3ኛ፤ ሥዕሉ ሲታተም ቀለሙን የሚለውጠው አንድ ብቻ ይሁን፤ ወይም ፕሮግራሙ፣ ወይም የማተሚያው ድራይቨር። ሁለቱም ከለወጡት ቀለሙ ሁለት ጊዜ ታርሞ ይበላሻል። ለመለየት፣ የወረቀቱ አምራች ለዚያው ማተሚያ ባዘጋጀው ፕሮፋይል ያው ሥዕል ይታተም፤ ይህም እንደዚያው ከተበላሸ የሚጠረጠረው የማተሚያው ምርጫ ነው፤ ይህ ደኅና ሆኖ አዲሱ ብቻ ከተበላሸ ግን ወደ መለኪያው ገጽ መመለስ ይገባል።

4ኛ፤ ብርሃኑና ወረቀቱ ይታዩ። ኅትመት የሚመዘነው 5000 ኬልቪን ያህል በሆነ ብርሃን ነው። ብዙ ወረቀቶች የማይታየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ማንጫ አለባቸው፤ መለኪያው ይህን ሰማያዊነት ስለሚቈጥር፣ ፕሮፋይሉ ሊያርመው ሲል የብራናውን መደብ ወደ ቢጫ ሊያዘነብለው ይችላል። መድኀኒቱ ማንጫ የሌለበት ወረቀት መምረጥ፣ ወይም ጨረሩን በሚያስቀር ማጣሪያ መለካት ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የተስተካከለ ፕሮፋይል እንኳ ቀለሙና ወረቀቱ ሊያወጡት የማይችሉትን ድምቀት አይፈጥርም፤ በፎቶግራፉ ጊዜ የጠፋውንም አይመልስም። ስለዚህ ብራናው ሲነሣ የቀለም መለኪያ ሰሌዳ ከጎኑ ይቀመጥ፤ በሥዕሉም ግርጌ የወረቀቱ ዓይነትና የኅትመቱ አኳኋን ይጻፍ። ይህ ከተደረገ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሠዓሊውን ቀይ ከማተሚያው ቀይ ለይቶ ሊፈርድ ይችላል።