የኤትና ቀይ ወይን ጠጅ ለሮብ ገበያ ነጋዴ ምን ያስተምራል?

ዋጋን የሚወስነው አቅርቦትና ፍላጎት ነው ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ዕቃ በጅምላ ሲሸጥ ርካሽ፣ በስም ሲሸጥ ደግሞ ውድ የሚሆንበትን ምክንያት ሳያስረዳ ያልፋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጣሊያን ሲሲሊ ደሴት፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ የሚመረተው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ይምሰል እንጂ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል በሮብ ገበያ ጤፍ የሚሰበስበውን ነጋዴም ይመለከታል።

በበርሜል የሄደ ሀብት

ኤትና ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ዛሬም የሚፈነዳ ተራራ ነው። ገበሬዎቹ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እርከን እየሠሩ፣ በአብዛኛው ከ400 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ወይን ይተክላሉ። ዋናው ቀይ ዝርያ ኔሬሎ ማስካሌዜ ይባላል፤ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። ዘግይቶ ስለሚበስል ለቀማው እስከ ጥቅምት ይቆያል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ወይን ጠጅ በሪፖስቶ ወደብ በኩል በበርሜል እየተጫነ ይወጣ ነበር። የሌላ አገር ነጋዴዎች የራሳቸውን ቀጭን ወይን ጠጅ ለማጠንከር ይቀላቅሉታል። በመጨረሻው ጠርሙስ ላይ ኤትና የሚል ስም ስለማይወጣ ለገበሬው የሚከፈለው በመጠን ብቻ ነበር። ኋላ ፊሎክሴራ የተባለው የሥር ተባይ መጣ፤ ሕዝቡ ወደ ውጭ ተሰደደ፤ በሜዳ ላይ በትራክተር የሚለማው ወይን በርካሽነት በለጠው። ብዙ እርከን ዳዋ ለበሰ።

ዋጋው የተቀየረው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤትና የሚለው ስም በሕግ ተጠበቀ። ይሁን እንጂ ሕጉ ብቻውን ለ20 ዓመት ያህል ገበያውን አላንቀሳቀሰውም። ለውጡ የተጀመረው በ1988 ቤናንቲ የተባለው ቤተሰብ በጥራት ላይ ያተኮረ ሥራ ሲጀምር ነው። ከ2000 ወዲህ ደግሞ እንደ አንድሬያ ፍራንኬቲና ማርክ ዴ ግራሲያ ያሉ ባለሀብቶች አሮጌዎቹን የወይን እርሻዎች እየገዙ የየቀበሌውን ምርት ለየብቻ በጠርሙስ ማውጣት ያዙ። በአሸዋማው የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ተባዩ ስለማይበረታ፣ ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ተክሎች ተርፈው ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። "ኤትና ሮሶ" ተብሎ የሚሸጠው ቀይ ወይን ጠጅ ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ መሆን አለበት። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ "ኮንትራዳ" የሚባሉት ከ100 በላይ ቀበሌዎች ስም በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ተፈቅዷል። የአንዱን ቀበሌ ፍሬ በሌላው ስም መሸጥ አይቻልም። በእርከን ላይ ማሽን ስለማይሠራ ወጪው ከፍተኛ ነው፤ በርካሽነት ሊወዳደር ከቶ አይችልም። የቀረው መንገድ ሌላው ሊሠራው የማይችለውን ዕቃ መሸጥ ነበር።

የእኛስ ወይን ጠጅ?

በአገራችን አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እንደ ጉደር ያሉ ቀይ ወይን ጠጆችን ለረጅም ዘመን ሲያቀርብ ቆይቶ በ2013 ከመንግሥት ወደ ግል ይዞታ ተዛውሯል። በስምጥ ሸለቆ ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ከ100 ሄክታር በላይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2014 አውጥቷል። ዝርያዎቹ ግን ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ናቸው። እነዚህን ፈረንሳይም፣ ቺሊም፣ ደቡብ አፍሪካም ያመርታል። በጥቅምት 2022 ለአልኮል መጠጦች ማስገቢያ የውጭ ምንዛሪ ተከልክሎ የነበረ ሲሆን ክልከላው በሐምሌ 2024 ስለተነሳ የአገር ውስጡ ሜርሎ ከውጭው ሜርሎ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል ማለት ነው።

"ጮቄም እኮ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ወይን ብንተክልበትስ?" የሚል ባለሀብት አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ጮቄ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ነገር ግን የኤትና አፈር ገና ትኩስ አመድና አሸዋ በመሆኑ ውኃ ያሳልፋል፤ በብቸና በኩል ያለው ድንጋይ ግን በዘመናት ብዛት ተሰባብሮ ውኃ የሚቋጥር መረሬ ሆኗል። ወይን ሥሩ ውኃ ሲተኛበት አይወድም። ለዚህ መሬት የሚስማማውና የአገሩ ተወላጅ የሆነው ዝርያ ጤፍ ነው።

ስም የገንዘብ ያህል ነው

ሰሚ ያላገኘ ስም በሌላ ሰው ይወሰዳል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በኅዳር 2018 ነው። በቡና በኩል የተሻለ ታሪክ አለን። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማማች።

የሮብ ገበያ ጤፍ ከሌላ ቦታ ጤፍ ጋር በአንድ መጋዘን ከተደባለቀ ዕጣው በሪፖስቶ ወደብ በበርሜል እንደተጫነው ወይን ጠጅ ነው፤ ሚዛኑ እንጂ አገሩ አይጠየቅም። ለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ከነጋዴው ነው። አንደኛ፣ የአንድን አካባቢና የአንድን ዝርያ ምርት ለይቶ መያዝ፤ ሁለተኛ፣ አበጥሮ፣ በታወቀ ክብደት አሽጎ የቦታውን ስም መጻፍ፤ ሦስተኛ፣ ስሙን በማኅበር ማስመዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሙን የሚጋሩ ነጋዴዎች ሁሉ ካልተጠባበቁ አንዱ የቀላቀለው ኩንታል የሌሎቹን ዋጋ ያወርዳል። ትርፉም በአንድ መኸር አይመጣም፤ ኤትና ስሙ በሕግ ከተጠበቀ በኋላ ገበያው እስኪነቃ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቋል። ካፒታሉን በአጭር ጊዜ ማዞር ለሚፈልግ ይህ ሥራ አይመከርም። መጠበቅ የሚችል ግን ዛሬ በኩንታል የሚሸጠውን ነገ በስም ይሸጠዋል።