የጀሞ ትምህርት ቤቶች በጀት ከየት ይመጣል?

ጀሞ 1፣ ጀሞ 2፣ ጀሞ 3። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ዳርቻ ሰፊ መንደር አቆመ። ቤት በዕጣ ይደርሳል፤ ለልጆቹ የሚበቃ መማሪያ ክፍል ግን በጀት ይጠብቃል። ያን በጀት የሚወስነው ማን ነው?

ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት ጥቅል ድጎማ ያገኛሉ፤ ማከፋፈያ ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አዲስ አበባ በዚህ ቀመር ውስጥ የለችም። የጀሞ መምህር ደመወዝ የሚከፈለው ከተማዋ ራሷ ከምትሰበስበው ገቢ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ለ2016 ከ140 ቢሊዮን፣ ለ2017 ደግሞ ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ አጽድቋል።

ድምሩ ትልቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን አብዛኛው መደበኛ በጀት ደመወዝ ይሆናል። ለቤተ ሙከራ ኬሚካል፣ ለተሰበረ ዴስክ፣ ለመጸዳጃ ቤት ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ታስቦ ነበር፤ በተማሪ ቁጥር ይሰላል፣ ለደመወዝም አይውልም።

የጊዜ ሰሌዳውም ችግር አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ የበጀት ጥያቄው የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው፣ ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ። ተከራይ በሚበዛበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ደግሞ የዓምናው የተማሪ ቁጥር ለዘንድሮ አስተማማኝ መነሻ አይሆንም።

ጉድለቱ ወደ ወላጅ ይዞራል። የ1994ቱ የትምህርት አመራር መመሪያ የወላጅ መምህር ኅብረትን ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል፤ በ2015 የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ኅብረተሰቡን ለትምህርት ቤቶች እድሳት ጠርቷል። መዋጮ ክቡር ነገር ነው፤ የበጀት ምትክ ግን ሊሆን አይገባም። የወላጅ አቅም ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ የልጆቹም ዕድል አብሮ ይለያያል።

ምክር ቤት ከፈለገ ምን ማድረግ እንደሚችል ከ2012 ጀምሮ ታይቷል። ከተማዋ የተማሪዎች ምገባን፣ ዩኒፎርምንና ደብተርን በራሷ በጀት ስትሸፍን ሸክሙ ከብዙ እናቶች ትከሻ ወርዷል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። የጀሞ ወላጆች በቀጣዩ የወላጅ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ያንሱ፦ ከደመወዝ ውጭ ለአንድ ተማሪ ስንት ብር ተመደበ? መልሱ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍላቸው።