ስኳር ለስኳር ሕመምተኛ መቼ ይሰጣል?

በምሠራበት ሆስፒታል ለሙያ ብቃት ምዘና ፈተና የሚዘጋጁ ወጣት ነርሶች በዕረፍት ሰዓታቸው እየተጠያየቁ ያጠናሉ። እኔም አልፎ አልፎ ጠያቂ እሆናለሁ። ሰሞኑን የጠየቅኳቸው ይህን ነበር፤ ጠዋት ኢንሱሊን የተወጉ አባት ቁርስ ሳይበሉ ቆይተዋል። አሁን ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። በቅድሚያ ምን ይደረግ?

አንዷ «ሐኪም እጠራለሁ» አለች። ትክክለኛው መልስ ግን የደም ስኳርን ወዲያውኑ መለካት፣ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነም ስኳር መስጠት ነው። መለኪያ ከሌለ ጊዜ ሳይባክን ይሰጣል። የአንጎል ዋነኛ ምግብ ስኳር በመሆኑ መዘግየት ራስን ያስታል፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

ይህ ጥያቄ የነርሶች ብቻ አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ባለሙያ በሌለበት፣ በቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ራሳቸውን የሳቱ እናት ወደ ድንገተኛ ክፍል መጡ። ልጃቸው ላብ ሲያጠምቃቸው አይታ ነበር፤ «እማዬ ስኳር ስላለባት ጣፋጭ ይጎዳታል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጣቸው በደቂቃዎች ውስጥ ነቁ።

ስለዚህ ታማሚው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለበት ለስላሳ መጠጥ ይስጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። እንጀራና ዳቦ ስኳርን ቀስ ብለው ስለሚጨምሩ የመጀመሪያው እርዳታ ሊሆኑ አይችሉም።

ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቢሻለውም ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል መታየት አለበት።

ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው። መጾም የሚፈልጉ የስኳር ሕመምተኞችም የመድኃኒታቸውን መጠንና ሰዓት ከጾሙ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ። ከቤት ሲወጡም ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪሳቸው አይጥፋ።