ጠብታውም መድኃኒት ነው

በጠና የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚደረግለት ነገር ክንዱ ላይ ካኑላ ማስገባትና ፈሳሽ መስቀል ነው። አስታማሚው "ግሉኮስ ተሰቀለለት" ብሎ ለዘመድ ይደውላል። ከረጢቱ የያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ ነው።

ሕክምናው ወደ 200 ዓመት እየተጠጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 በስኮትላንድ የወደብ ከተማ በሊዝ፣ ሐኪሙ ቶማስ ላታ ኮሌራ ሰውነታቸውን አሟጦ ለሞት ያቃረባቸውን ሰዎች ደም ሥር ውስጥ ጨዋማ ውሃ አስገባ። የደም ትርታቸው የጠፋ ሕሙማን ነፍስ ዘሩ፤ ሁሉም ግን አልተረፉም።

ዛሬ በብዛት የሚሰቀሉት ሁለት ናቸው። ኖርማል ሳላይን በሊትር 9 ግራም ጨው አለው። ክሎራይዱ ከደም ስለሚበልጥ፣ ሲበዛ የደምን አሲድነት ይጨምራል። ሪንገር ላክቴት ፖታሲየምና ካልሲየምም ስላለው ለደም ፈሳሽ ይበልጥ ይቀርባል፤ ለከባድ ኮሌራ ተመራጩ እሱ ነው።

መጠኑ በኪሎ ይሰላል። ኢንፌክሽን በደሙ ተሰራጭቶ ግፊቱ ለወረደ አዋቂ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ቢያንስ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.8 ሊትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ግፊቱን፣ ትንፋሹንና የሽንቱን መጠን እያየ ይጨምራል ወይም ያቆማል። የሚቆጣጠር ማሽን ከሌለ ነርሷ ሰዓቷን ይዛ ጠብታ ትቆጥራለች፦ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቱቦ፣ አንድ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 42 ያህል ጠብታ መውረድ አለበት።

ፈሳሽ ሲበዛ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያሳጥራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ትኩሳት ያጠናባቸውን ከ3,100 በላይ ሕፃናት ተከታትሎ ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ 10 ያህሉ፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 7 ያህሉ ሞተዋል። ተቅማጥ ያሟጠጣቸው ሕፃናት በጥናቱ አልተካተቱም፤ ለእነሱ ፈሳሹ ሕይወት አድን ነው።

ስለዚህ አስታማሚዎች፣ ቶሎ ይለቅ ብላችሁ መቆጣጠሪያውን አትንኩ። ጠብታው ከቆመ፣ ክንዱ ካበጠ ወይም ሕመምተኛው መተንፈስ ካቃተው ወዲያው ነርስ ጥሩ።