ሌንሱን የሚመርጠው ውኃው ነው
በጣና ዳር የውኃ ውስጥ ፎቶግራፍ ለሚጀምር ገዢ

ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ካለው የጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት የደጋውን አፈር ጠርገው ስለሚወርዱ ሐይቁን ያደፈርሱታል። በዚህ ውኃ ውስጥ ለሚነሣ ፎቶግራፍ ገንዘብ ለማውጣት ያሰበ ሰው ከካሜራው ስም አስቀድሞ ስለ ድፍርሱ መጠየቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያውን ሌንስ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከሥሩ ያለው ጭቃ ይነሣል። በነጭ ዲስክ ሲለካም የውኃው ጥራት በአብዛኛው ከሁለት ሜትር አያልፍም። ይሁንና በሐይቁ ውስጥ ላቤኦባርበስ ከተባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚህም ከፊሎቹ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጡት በክረምት፣ ማለትም ውኃው ይበልጥ በሚደፈርስበት ጊዜ ነው። ለፎቶግራፍ አንሺው ዕድሉም ችግሩም አብረው ይመጣሉ ማለት ነው።

በውኃ ውስጥ ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ በሌንሱና በዓሣው መካከል ያለውን ውኃ መቀነስ። ርቀቱ በጨመረ መጠን ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቀይ ቀለምም በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከሩቅ የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ከመጀመሪያው ከምርጫ ይወጣል። በተጨማሪም በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ሲታይ ውኃ ነገሮችን በሲሶ ያህል ያጎላል። የ18 ሚ.ሜ. ሌንስ እንደ 24፣ የ60 ሚ.ሜ. ሌንስ ደግሞ እንደ 80 ይሆናል። የጉልላት ቅርጽ ያለው መስታወት ይህን ጥበት ያስቀራል፤ ነገር ግን ምስሉን ከመስታወቱ አጠገብ ስለሚፈጥረው ሌንሱ በጣም ቅርብ ፎከስ ማድረግ የሚችል መሆን አለበት።

በዚህ መለኪያ በገበያው ያሉትን ማወዳደር ይቻላል። ብዙ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች የያዙት የ50 ሚ.ሜ. ሌንስ ከ35 እስከ 45 ሴ.ሜ. ባነሰ ርቀት ፎከስ ስለማያደርግ ለዚህ ሥራ አይመችም። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 እስከ 25 ሴ.ሜ. ገደማ ይቀርባል፤ ለመለማመጃ ይበቃል። የቶኪና 10-17 ፊሽ አይ እስከ 14 ሴ.ሜ. የሚቀርብና ሰፊ የሚያሳይ በመሆኑ እንደ ቀይ ባሕር ባለ ጥሩ ውኃ ተመራጭ ነው። በጣና ግን ስፋቱ ድፍርሱን ጨምሮ ያሳያል፤ የጉልላት መስታወቱም ወጪ ያስከትላል።

የቀረው የ60 ሚ.ሜ. ማክሮ ነው። የካኖኑ እስከ 20፣ የኒኮኑ እስከ 18.5 ሴ.ሜ. ይቀርባል፤ ትንንሽ ነገሮችንም በትክክለኛ መጠናቸው ያነሣል። የሚያስፈልገውም ጠፍጣፋ መስታወት ብቻ ነው። ትልቅ ዓሣን በሙሉ ለማንሳት ግን አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መራቅን ስለሚጠይቅ በሐይቁ ውስጥ አይሆንም። ለዚህ መፍትሔው ቀጭን የመስታወት ገንዳ ነው። የተጣራ ውኃ ተሞልቶበት ዓሣው ለጥቂት ጊዜ ይገባል፤ ካሜራው ከውጭ በደረቅ ቦታ ሆኖ ያነሣል።

በግዢ ጊዜ የሚታዩ ወጥመዶችም አሉ። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ የሚቀርበው አሮጌው ኤኤፍ-ዲ ማክሮ በእነርሱ ላይ በራሱ ፎከስ አያደርግም፤ ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈበትን መጠየቅ ይገባል። የካኖን ኢኤፍ-ኤስ 60 ደግሞ በ5ዲ እና በ6ዲ ላይ አይገጥምም። ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በባትሪ መብራት ውስጡን አይቶ ሻጋታ አለመኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ትልቁ ኪሣራ ግን ውኃ የማያስገባው የካሜራ ሣጥን ላይ ይደርሳል። ሣጥኑ ለአንድ የካሜራ ሞዴል ብቻ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከካሜራው የሚወደድ ዕቃ ነው። ካኖንና ኒኮን አዳዲስ ምርታቸውን ወደ ሚረርለስ ካሜራ ስላዞሩ የዲ.ኤስ.ኤል.አር. ሣጥን ነገ ገዢ ለማግኘት ይቸገራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ ስህተቱ ድሮ ከነበረው ይልቅ ይከብዳል። ሌንሱ ግን ገበያ አያጣም። የካኖኑም ሆነ የኒኮኑ ኤኤፍ-ኤስ ማክሮ በማገናኛ ቀለበት በየራሳቸው ሚረርለስ ላይ ይሠራሉ፤ በየብስም ቀለበት፣ ጌጣጌጥና የንግድ ናሙና ያነሣሉ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ማክሮው ይገዛል፤ በመስታወት ገንዳ ይሠራበታል። ቀጥሎ ከካሜራው ርቆ ከጎን የሚያበራ ፍላሽ ይጨመራል፤ ከፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ጭቃውን እንጂ ዓሣውን አያሳይምና። ሣጥኑ የሚገዛው ሥዕሉን የሚከፍልበት ደንበኛ ከተገኘ በኋላ ነው።